ዋልያና ቀይ ቀበሮን ለጎንደር ሰው ማሰማት፦ የሙከራ ሙዚቃ አሠራር ከቀረጻ እስከ መድረክ

በጎንደር ከተማ ዋልያን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የሚጠራው በእሱ ስም ነው፤ ሥዕሉም በሆቴል ግድግዳ፣ በቲሸርትና በቢራ ጠርሙስ ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ ሁለት አውራ ዋልያዎች በገደል አፋፍ ላይ ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ የሚወጣውን ድምፅ፣ ከኮቴያቸውም ሥር የተፈነቀለው ጠጠር ወደ ጥልቁ ሲንኮታኮት በጆሮው የሰማ የከተማችን ነዋሪ እጅግ ጥቂት ነው። ሰው ዐይኑ የለመደውን ነገር አይቶ ያልፋል፤ ጆሮው የማያውቀውን ሲሰማ ግን ቆም ብሎ «ምንድን ነው?» ይላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያችን የጥያቄ ቅጽበት ለመፍጠር ለሚፈልጉ የጎንደር ሙዚቀኞች፣ የአዝማሪ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የድምፅ ባለሙያዎች ነው።

የሙከራ ሙዚቃ ስንል ቅኝትንና ምትን እንደ ግዴታ ሳይቆጥር፣ ማንኛውንም ድምፅ፣ ነፋስንም ሆነ የእንስሳ ጩኸትን፣ የሙዚቃ ጥሬ ዕቃ አድርጎ የሚወስድ አሠራር ማለታችን ነው። ስለ ዋልያ በአንቺሆዬ ወይም በባቲ ቅኝት ዘፈን ማውጣት ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን በለመድነው መንገድ የተሠራ ዘፈን ፈጥኖ ወደ ሰው ይመለሳል፤ ዋልያው የጀግንነት ወይም የቁመና ማወዳደሪያ ይሆንና እንስሳው ራሱ ከግጥሙ ይወጣል። በሙከራ ሙዚቃ ግን መሪው ድምፃዊ እንስሳው ነው፤ እኛ አጃቢዎች ነን። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ሐሳብ ተከትለው የሚሄዱ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ ሁለት ነገር ላስታውሰው። አንደኛው፣ ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሦስት አዕዋፍ እንደተማረ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ገብቶ በዚያ እንደተሰወረ አባቶቻችን ያስተምሩናል፤ የእንስሳን ድምፅ አድምጦ ዜማ መማር በእኛ ዘንድ የተከበረ ትውፊት ነው። ሁለተኛው፣ በመግነጢሳዊ ሽቦ ላይ የተቀረጸን ድምፅ ቀይሮ አዲስ ሥራ በመፍጠር ከቀደሙት የዓለም ሙዚቀኞች አንዱ ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብህ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀርጾ፣ ድምፁን በማስተጋባትና ከፊሉን በማውጣት ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በባቡር ድምፅ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነበር። ኤል-ዳብህ በኋላም አዲስ አበባ መጥቶ በ1963 የተመሠረተውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መርቷል። ዛርን ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ድምፅ ለእንስሳ ጥበቃ ሊጠቅም እንደሚችልም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮጀር ፔይን የተባለው ተመራማሪ የዓሣ ነባሪዎችን ዜማ በሸክላ አሳተመ፤ ሰዎችም እስከዚያ ድረስ በዘይቱና በሥጋው ብቻ ያውቁት የነበረውን ፍጥረት ሲያዜም ሰሙት። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም በ1982 ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ውሳኔውን ያመጣው ሸክላው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሕዝቡ ለጉዳዩ ጆሮ እንዲሰጥ ግን አድርጓል።

አንደኛ ደረጃ፦ አንድ እንስሳና አንድ ችግር መምረጥ

«ስለ ዱር እንስሳት» ተብሎ የተጀመረ ሥራ ስለ ማንም ሳይሆን ይቀራል። አንድ እንስሳ ይምረጡ፤ ቀጥሎም ያን እንስሳ ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱን ይያዙ። ከጎንደር ተነሥቶ ለሚሠራ ሰው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ግልጽ ምርጫዎችን ያቀርባል።

ዋልያ በምድር ላይ በሌላ በየትም ቦታ አይገኝም። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ በ2017 ነበር። በዚያ ጊዜ አገግሞ የነበረው የዋልያ ቁጥር ግን ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ክፉኛ አሽቆልቁሏል፤ ልቅ ግጦሽ፣ ሰደድ እሳትና አደን አሁንም አሉበት። ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ትልቁ ጠላቱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሦስተኛው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ገና በብዛት ስላለ እንደ ሁለቱ አያሰጋም፤ ነገር ግን ለሰው ቅርብ ስለሆነና ድምፁም ብዙ ዓይነት ስለሆነ ለጀማሪ ቀራጭ ከእሱ የሚሻል መምህር አላየሁም።

የእኔ ምክር ድምፁን ከጭላዳ መማር፣ መልእክቱን ግን በቀይ ቀበሮ ላይ ማድረግ ነው። የቀይ ቀበሮው ችግር ለአድማጭ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ መፍትሔውም፣ ማለትም ውሻን ማስከተብ፣ በገበሬው እጅ ያለ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ፈቃድ

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ ይሂዱ። ወደ ፓርኩ ያለ ስካውት አይገባም። ሥራው ለሕዝብ የሚቀርብ መሆኑን አስቀድመው በጽሑፍ ያስረዱ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀረጻ ከመግቢያው ክፍያ ሌላ የተለየ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ስካውቱን እንደ ጠባቂ ብቻ አይዩት። እንስሳው በየትኛው ገደል እንዳደረ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስሙም ፈቃደኛ ከሆነ በመድረኩ ላይ ከሙዚቀኞቹ ጋር ሊጠራ ይገባል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መቅረጽ

ወቅቱን በጥንቃቄ ይምረጡ። በክረምት ጉሙና ጭቃው አያሠራም። ዋልያዎች በብዛት የሚገናኙትና አውራዎቹ የሚጋጩት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በጾሙ የአዝማሪ ቤቶች ጸጥ ስለሚሉ በሥራው የሚሳተፈው ማሲንቆ ተጫዋችም ተራራ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ቀረጻውን በጾም፣ ዝግጅቱን ከፋሲካ በኋላ ማድረግ ለጎንደር የተስማማ የሥራ ቀመር ነው።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ስልክ ብቻውን አይበቃም። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሪከርደር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ትርፍ ባትሪ፣ እንዲሁም ማይክሮፎኑን ከነፋስ የሚከላከል ፀጉራም ሽፋን ይያዙ። የመጨረሻውን አይናቁት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር በተባለው ቦታ ላይ ስቀርጽ ማይክሮፎኑን በስስ ስፖንጅ ብቻ ሸፍኜ ነበር፤ ሙሉ ጠዋት የቀረጽኩትን ማታ ደባርቅ ወርጄ ሳዳምጠው ከነፋስ ጉምጉምታ በቀር ምንም አልነበረበትም። በማግስቱ አንድ የመንደር ሰው የበግ ለምድ ቁራጭ ሰጡኝ፤ ፀጉሩን ወደ ውጭ አድርጌ ማይክሮፎኑን ሳለብሰው ጉምጉምታው ጠፍቶ የጓሳው ሽውታ ሳይቀር ተለይቶ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ለምድ እይዛለሁ።

ሪከርደሩን ባልተጨመቀው የዋቭ ቅርጸት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ያስተካክሉት፤ በኋላ ድምፁን ስናዘገየው እንዳይሻክር ይረዳል። የድምፅ መጠኑን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ የዋልያ ቀንድ ሲጋጭ የሚወጣው ድንገተኛ ድምፅ መሣሪያውን ካጨናነቀው ሊታረም አይችልም። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዩትን በቃልዎ ይናገሩ።

ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በግምት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በገደሉ አፋፍ ራቅ ብለው፣ ሳይቆሙ ተቀምጠው ይጠብቋቸው። ማይክሮፎኑን በትንሽ ማቆሚያ ላይ አድርገው መሬት ላይ ይተዉት፤ እጅ የያዘው ማይክሮፎን የጣትን እንቅስቃሴ ሁሉ ይቀርጻል። ለዋልያ በፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የተባለው ቦታ የተሻለ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ዕድልና ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀኑን ለብቻው አይጥ ሲያድን ይውልና ንጋትና ምሽት ላይ ከመንጋው ጋር ተገናኝቶ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከሩቅ ስለሚሰማ ወደ እሱ መጠጋት አያስፈልግም።

በዚህ ደረጃ ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። የተቀረጸ ድምፅ መልሶ ለእንስሳው ማጫወት ክልክል ነው፤ ቀበሮው ባዕድ መንጋ የመጣበት መስሎት ጉድጓዱንና ግልገሎቹን ሊተው ይችላል። በምግብ ማባበልም እንዲሁ። የቀበሮ ጉድጓድ ያለበትን ቦታ በቀረጻውም በማስታወቂያውም ላይ አይግለጹ። እንስሳው መንገዱን ከቀየረ፣ ቀና ብሎ ከቆመ ወይም መብላቱን ካቋረጠ ቀራጩ በጣም ቀርቧል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለስ። ስለሚጠፋ እንስሳ የሚሠራ ሙዚቃ እንስሳውን አስጨንቆ የተገኘ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ባዶ የሚመስሉ ድምፆችንም ይቅረጹ፦ በአስታው ቅርንጫፍ መካከል የሚያልፈውን ነፋስ፣ የደረቀ የጅብራ ግንድ ሲንኳኳ፣ የጅንባርን ፏፏቴ፣ የቁራውን ክንፍ። ማንም የማይናገርበት አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝምታ ደግሞ የግድ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ በአምስተኛው ደረጃ ይታያል።

አራተኛ ደረጃ፦ ማድመጥና መቁረጥ

ወደ ጎንደር ሲመለሱ ወዲያውኑ ወደ ቅንብር አይግቡ። ቀረጻውን ለሦስት ቀናት ያህል ያድምጡ፤ የሰሙትንም በአማርኛ ይሰይሙ። «ፋይል 14» ከማለት «እናት ስትጣራ»፣ «ሁለት ሲጣሉ»፣ «ከንፈር ሲመታ» ማለት ጆሮን ያሠለጥናል። ለመቁረጥ በነፃ የሚገኘው አውዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በማጣሪያ ያውጡት፤ የነፋሱ ጉምጉምታ በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው። ከዚህ በላይ ማጽዳት ግን አልመክርም፤ ቦታውን የሚያሳውቀው ሽውታ አብሮ ይጠፋል።

አሁን የሚደረገውን በአንድ ምሳሌ ቀርቤ ላሳይ። አውራ ጭላዳ ሴቶቹን ሲለማመጥ ከንፈሩን እየመታ የሚያወጣው የሚርገበገብ ድምፅ አለ። በአጥኚዎች ሲለካ ርግብግቡ በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ይደርሳል፤ ይህም ከሰው ንግግር ምት ጋር በጣም የተቀራረበ ነው፤ ጭላዳን ከጀርባው የሰማ ሰው «ማነው የሚያወራ?» ብሎ የሚዞረውም ለዚህ ይመስለኛል። ያንን ድምፅ ሦስት ሴኮንድ ያህል ቆርጠው ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱት። ርዝመቱ ስድስት ሴኮንድ ይሆናል፣ ድምፁ በአንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) ይወፍራል፣ ርግብግቡም በሴኮንድ ወደ 3 ወይም 4 ይወርዳል። እንደገና በግማሽ ቢያዘገዩት እንደ ሽማግሌ እንጉርጉሮ ይሆናል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ይህን ዘገምተኛ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በቀስቱ ብቻ፣ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ፣ ርግብግቡን እንዲከተል ያድርጉ። ከዚያ የተዘገየውን ድምፅ ወደ ትክክለኛ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይመልሱት። አድማጩ ማሲንቆ ነው ብሎ ሲከተለው የነበረው ድምፅ በመጨረሻ የጭላዳ ሆኖ ይገለጥለታል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ማሲንቆውን በተራ ማይክሮፎን ፋንታ ቆዳው ላይ በሚለጠፍ ትንሽ የንዝረት ማይክሮፎን ቢያጎሉት ይመረጣል፤ የፈረስ ጭራው ፍትጊያና የሣጥኑ ትንፋሽ ጎልቶ ይሰማል። የማሲንቆ ፊት የፍየል ቆዳ መሆኑን፣ ዋልያም የገደል ፍየል መሆኑን ልብ ይበሉ። እኔ ይህን ለአድማጭ በቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ተጫዋቹ ግን ሲያውቀው አያያዙ ይለወጣል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማን በዚህ ሥራ ውስጥ ቆርጦ መቀላቀል ተገቢ አይደለም። የያሬድን ታሪክ መጥቀስ ይቻላል፤ አቋቋሙንና ጸናጽሉን ግን ለባለቤቶቹ እንተው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማቀናበር

በመጀመሪያው ዝግጅታችን ላይ የሠራነውን ስሕተት እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ሕዝቡ እንዳይሰለች ብለን ከጭላዳው ድምፅ ሥር የከበሮ ምት አስገባን። ሰዉ አጨበጨበ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሲያልቅም አንድ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ይኼ ዘፈን የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንስሳ መኖሩን አልሰማም። በዚያ ምሽት ከበሮውን አወጣነው፤ ከዚያ በኋላም አልመለስነውም። ምት የሚያስፈልግ ከሆነ ከእንስሳው ይምጣ።

ቅንብሩ ከ25 ደቂቃ አይብለጥ። መጀመሪያው አድማጩ የሚያውቀው ቦታ ይሁን፦ የአራዳ ጠዋት፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው የ«ደባርቅ! ደባርቅ!» ጥሪ። ከዚያ ድምፁ እየሳሳ፣ ነፋሱ እየጨመረ ወደ ተራራው ይወጣል። መካከሉ ከላይ የተገለጸው የጭላዳና የማሲንቆ ንግግር ነው። የሥራው ልብ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ቆጠራ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ከ500 ስለማይበልጥ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ ብቻ ቀስቱን ይስባል። አንድ ምት ለአንድ ቀበሮ። ዐምስት መቶው የሚያልቀው በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። መጀመሪያ ላይ አድማጩ ይቁነጠነጣል፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይለምደዋል፤ ስድስተኛው ላይ እየቆጠረ መሆኑን ያስተውላል። ከሩቅ፣ አልፎ አልፎ ብቻ፣ የተቀረጸው የቀበሮ ጩኸት ይግባ። አምስት መቶኛው ምት ላይ ማሲንቆው ያለ ምንም ማስረገጫ ይቆማል፤ በተራራው ላይ የተቀረጸው ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ይቀጥላል። ተራ ጸጥታን ከተቀረጸ ዝምታ ጋር አያምታቱ፤ በቀረጻው ውስጥ ነፋስ አለ፣ ሣር አለ፣ የጠፋው ቀበሮው ብቻ ነው። ተጫዋቹ ይህን ክፍል ሳይቸኩል ለመጫወት ቢያንስ ዐሥር ጊዜ ሙሉውን ሊለማመደው ይገባል፤ ክንድ ይዝላል፣ ፍጥነትም ይንሸራተታል። ለዋልያ የሚሠራ ሰው የቅርቡን የቆጠራ ቁጥር ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወስዶ ይጠቀም እንጂ የቆየ ቁጥር አይያዝ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቦታውና ምሽቱ

ትልቅ አደባባይ አይምረጡ። ከ60 እስከ 100 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ወይም ግቢ ይበቃል። አራት ድምፅ ማጉያዎችን በአራቱ ማዕዘን አድርገው አድማጩን መሐል ያስቀምጡ፤ መድረክ ላይ የሚታየው ማሲንቆ ተጫዋቹ ብቻ ይሁን። ድምፁን ከተለመደው ዝቅ ያድርጉ፤ ጮክ ያለ ድምፅ ሰውን ወደ ኋላ ያስጠጋዋል፣ ዝቅ ያለው ጆሮውን እንዲያቀና ያደርገዋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑንና አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚያንቀሳቅስ ባትሪ ይዘጋጅ፤ ቆጠራው ግን ያለ መብራትም ስለሚቀጥል ተጫዋቹ በምንም ምክንያት እንዳያቆም አስቀድመው ይስማሙ።

ከመጀመሩ በፊት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «የምትሰሙት የዱር ድምፅ ሁሉ በሰሜን ተራሮች የተቀረጸ ነው፤ እባካችሁ ስልካችሁን አጥፉ» ይበቃል። ማብራሪያው ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ የሚሰጠውም ስካውቱ ቢሆን ይመረጣል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ከዝግጅቱ በኋላ

አድማጩ ልቡ ተነክቶ ሲወጣ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር በር ላይ ይጠብቀው። መልእክቱ ቀይ ቀበሮ ከሆነ፣ በፓርኩ ዙሪያ ባሉት በደባርቅ፣ በጃናሞራና በአዲአርቃይ ወረዳዎች ዘመድ ያለው ሁሉ ስለ ውሻ ክትባት በስልክ እንዲነግር ይጠየቅ። ጎንደር ውስጥ በዚያ ወገን ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ ለማን እንደሚደርስ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ካልታወቀ አይሰብሰብ።

ሥራውን ወደ ተራራው መልሱት። በፓርኩ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት፣ ከእንስሳቱ መኖሪያ በራቀና በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ለተማሪዎችና ለእረኞች አሰሙት። እኛ ስናደርገው አንድ እረኛ ልጅ «እናት ስትጣራ» ብለን የሰየምነውን ሰምቶ «እሱ እናት አይደለም፤ ነብር ሲያዩ ነው እንዲያ የሚሉ» አለን። የፋይሉን ስም እዚያው ቀየርነው።

ጥሬ ቀረጻዎቹን ሁሉ ከቦታ፣ ከቀንና ከሰዓት መግለጫቸው ጋር በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠው አንዱን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ ማይክሮፎኑን በዚያው ድንጋይ አጠገብ አስቀምጠው እንደገና ይቅረጹ፤ ሁለቱን ቀረጻዎችም ጎን ለጎን ያድምጡ።